ከሌንሱ ወዲያ ያለው ሰው፦ የኩባንያ መሪዎችና የካሜራ ታሪክ

በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቀረጸ አንድ አጭር ፊልም አለ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ወጣት ቃለ ምልልስ ሊሰጥ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጧል። ባለሙያዎቹ ማይክሮፎን ያያይዙለታል፣ መብራት ያስተካክላሉ። እሱ የራሱን ፊት በስክሪን ሲያይ ይገረማል፣ ፀጉሩን ይነካካል፣ ወንበሩ ላይ አይረጋም። ጥቂት ቆይቶ ሊያስመልሰው እንደሆነ ተናግሮ መጸዳጃ ቤቱ የት እንዳለ ይጠይቃል፤ እየቀለደ እንዳልሆነም ያስረዳል። ወጣቱ ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ጆብስ ነው። በ2007 መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመጀመሪያውን አይፎን በእጁ ይዞ መድረኩን ሲዞር ያየ ሰው፣ ያኔ ወንበር ላይ ሲጨነቅ የነበረው ይኸው ሰው ነው ቢባል ለማመን ይቸግረዋል።

በመካከሉ ያለፉት 30 ያህል ዓመታት፣ ካሜራ ፊት መረጋጋት ሲወለዱ የሚሰጥ ጸጋ ነው የሚለውን እምነት ያፈርሳሉ። ጆብስ አዲስ ምርት ከማስተዋወቁ በፊት ለቀናት ይለማመድ ነበር። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር፣ ለእያንዳንዱ ምስልና ለሚቆምበት ቦታ ሁሉ ይጨነቅ ነበር። እኛ ያየነው ቅለት ብዙ የተደከመበት ቅለት ነው። ይሁን እንጂ ልምምድ ብቻውን ሰውን አያቀልለውም። ብዙ ተለማምደው ይበልጥ የደረቁ መሪዎችን ሁላችንም አይተናል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መጀመር ይሻላል።

በ1912 ዴል ካርኔጊ ኒው ዮርክ ውስጥ በሚገኝ ወወክማ የንግግር ትምህርት ማስተማር ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ያዘጋጀው ትምህርት አለቀበት። ሲጨንቀው ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እያስነሣ ስላናደዳቸው ነገር እንዲናገሩ ጠየቃቸው። ፈሪዎቹ መናገር ቻሉ። የተናደደ ሰው ስለ እጁ አቀማመጥ አያስብም፤ ሐሳቡ ያለው ጉዳዩ ላይ ነው። ከዚያች አጋጣሚ የተነሣው ትምህርት በኋላ ለኩባንያ መሪዎች ሁሉ ተዳረሰ። ባለሀብቱ ዋረን በፌት በ1950ዎቹ መጀመሪያ 100 ዶላር ከፍሎ ተማረው፤ ቢሮው ግድግዳ ላይ የሰቀለውም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ሳይሆን የዚህን ትምህርት የምስክር ወረቀት ነው። በኋላ የክራይስለር መሪ የሆነው ሊ አያኮካም በፎርድ የመኪና ኩባንያ ሳለ ይህንኑ ትምህርት ወስዶ ዓይን አፋርነቱን እንዳራገፈበት በግለ ታሪኩ ተርኳል።

ካርኔጊ ያስተማረው ግን አዳራሽ ውስጥ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ተናጋሪው ፊቶችን ያያል። አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዱ ፈገግ ይላል፣ ያልገባው ግንባሩን ይቋጥራል፤ ተናጋሪውም በዚያ እየተመራ ይሄዳል። ሌንስ ምንም አይመልስም። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ሲመራ፣ ከባንክ ጋር ሲደራደር የማይበረግግ ሥራ አስኪያጅ በዚያ ጥቁር መስታወት ፊት ድምፁ የሚቀጥነው ስለዚህ ነው። ችግሩን ብዙዎች ከድፍረት ማነስ ይቆጥሩታል፤ እኔ የማየው የሚያናግሩትን ሰው ከማጣት የመጣ ጭንቀት ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ከመሣሪያ በኩል መጣ። በ1950 ተዋናዩ ፍሬድ ባርተን፣ መሐንዲሱ ሁበርት ሽላፍሊና ኧርቪንግ ካን ጽሑፍን በትልልቅ ፊደል እያንከባለለ የሚያሳይ መሣሪያ ሠሩ፤ ቴሌፕሮምፕተር አሉት። የተሠራው በየቀኑ አዲስ ድርሰት ማጥናት ለሰለቻቸው ተዋንያን ነበር። በ1952 ግን የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ቺካጎ ላይ በሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ተጠቀሙበት፤ ከዚያ ወዲህ ከመሪዎች መድረክ አልጠፋም። መሣሪያው አንድ ጉድለት ነበረበት። ጽሑፉ ከካሜራው ጎን ስለሚቀመጥ የአንባቢው ዓይን ሽቅብም ጎንም ይንሸራተታል። «አይ ላቭ ሉሲ» የተሰኘው የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ አዘጋጅ ጄስ ኦፐንሃይመር ጽሑፉ በመስታወት ተንጸባርቆ በቀጥታ ከሌንሱ ፊት የሚታይበትን ዘዴ በማምጣት ይህን አስተካከለው። ተመልካች የሚያነብን ዓይን ወዲያው ይለያል። ስለ መሣሪያው ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ «ይሄ ሰውዬ ለእኔ እየተናገረ አይደለም» ብሎ ይደመድማል።

ሁለተኛው መፍትሔ የመጣው ከሰው ነው። ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርቡ ይደርቁ ነበር። በ1954 የፊልም ተዋናይና ዳይሬክተር የሆነው ሮበርት ሞንትጎመሪ በዋይት ሐውስ የቴሌቪዥን አማካሪ ሆኖ ይረዳቸው ጀመር። ሞንትጎመሪ የጦር ጄኔራል የነበሩትን ሰው ተዋናይ ለማድረግ አልሞከረም። መብራታቸውንና መነጽራቸውን አስተካከለ፣ ሙሉ ጽሑፉን በአጫጭር ማስታወሻ ተካላቸው፣ ከትልቁ ጠረጴዛ ጀርባ እንዲወጡ ገፋፋቸው። ሥራው በአመዛኙ እንቅፋት ማንሣት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ አሠልጣኞች ይህን ቢከተሉ ኖሮ የኩባንያ መሪዎች ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

የሆነው ተቃራኒው ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሸማቾች ንቅናቄ ተነሣ፤ ራልፍ ኔደር በ1965 የመኪና ፋብሪካዎችን የደኅንነት ጉድለት አጋለጠ። በ1968 ደግሞ «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተሰኘው የሲ.ቢ.ኤስ. ፕሮግራም ተጀመረ፤ ጋዜጠኛው ማይክ ዋላስ ጠንካራ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ብዙ ሥራ አስኪያጅ ይሸበር ነበር። ኩባንያዎቹ ለመሪዎቻቸው የካሜራ ሥልጠና መግዛት ያዘወተሩት በዚህ ዘመን ነው። ከፍርሃት የተወለደ ሥልጠና በመሆኑ መከላከልን አስተማረ፦ ጥያቄውን ትተህ ወደ ራስህ መልእክት ተሻገር፣ ሦስቱን ነጥቦች ደጋግም፣ የጠያቂውን ቃል በአፍህ አታንሣ። ዛሬም በየሀገሩ በውድ የሚሸጠው ይኸው ነው። ቃለ ምልልስን እንደ ክርክር ካየነው ይጠቅም ይሆናል። ቤቱ ተቀምጦ እውነቱን ለማወቅ ለሚጠብቅ ሰው ግን የተጠየቀውን የማይመልስ ሰው ማየት ያሳዝናል፤ ጥርጣሬውንም ያባብሰዋል።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። በ1971 «ስካሊ፣ ማኬብ፣ ስሎቭስ» የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት ዶሮ አርቢውን ፍራንክ ፐርዱን ራሱ ማስታወቂያ ላይ እንዲወጣ ጠየቀው። ፐርዱ መጀመሪያ አመነታ። መላጣ፣ ቀጭን፣ ድምፁም የሰለለ ሰው ነበር፤ ለቴሌቪዥን የሚታጭ መልክ አልነበረውም። ነገር ግን ስለ ዶሮ መኖና ስለ ዶሮ ቆዳ ቀለም ሲናገር ሰውየው ነገሩን ኖሮበት እንደሚያውቀው ይታያል። ተመልካች አመነው። ለዓመታትም በዚያው ድምፅና በዚያው መልክ ቀጠለ።

ሊ አያኮካ የመጣው ኩባንያው ሊሞት ሲል ነው። ክራይስለር በ1979 ወደ ኪሳራ አፋፍ ደርሶ መንግሥት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነለት። ሕዝቡ መኪናውንም ኩባንያውንም አላመነም። አያኮካ ማስታወቂያው ላይ ወጥቶ፣ ፋብሪካው ውስጥ በመኪኖች መካከል እየተራመደ፣ ከዚህ የተሻለ መኪና ካገኛችሁ እሱን ግዙ የሚል ይዘት ያለው ግልጽ ንግግር አደረገ። ንግግሩ የሠራው የቃል ጨዋታ ስለሆነ አይደለም። ሥራ ላይ ያለ ሰው በሥራው ቦታ ቆሞ፣ ስሙን አስይዞ ሲናገር ተመልካቹ መተማመኛ አገኘ። ብድሩ በ1983፣ ከጊዜው 7 ዓመት ቀድሞ ተከፈለ።

የፐርዱና የአያኮካ ጉዳይ መሸጥ ነበር። ካሜራ መሪን የሚፈትነው ግን በመከራ ቀን ነው። በ1982 ቺካጎ አካባቢ ታይለኖል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ መርዝ ተጨምሮበት የዋጡ 7 ሰዎች ሞቱ። የመድኃኒቱ ባለቤት የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ሊቀ መንበር ጄምስ በርክ 31 ሚሊዮን ጠርሙስ ከገበያ እንዲሰበሰብ አደረጉ፤ ወጪው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በዚያው ሰሞን ኩባንያዎች ይፈሩት የነበረውን የ«ሲክስቲ ሚኒትስ» ካሜራ በገዛ ፈቃዳቸው አስገቡ። የሚሸሽጉት ስላልነበራቸው የሚሸሹት ጥያቄ አልነበረም። ከ7 ዓመት በኋላ የነዳጅ ኩባንያው የኤክሶን መርከብ አላስካ ላይ ነዳጅ ሲያፈስ ሊቀ መንበሩ ሎውረንስ ሮል ወደ ቦታው ለመሄድ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው። በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 11 ሠራተኞች ከሞቱበት የነዳጅ ጉድጓድ ፍንዳታ በኋላ የነዳጅ ኩባንያው የቢ.ፒ. ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቶኒ ሄይዋርድ ካሜራ ፊት የቀድሞ ሕይወታቸውን መልሰው ማግኘት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ሄይዋርድ በዚያች ቅጽበት አልተደናገጡም፣ አልደረቁም። ተፈጥሯዊ ነበሩ። ሐሳባቸው ግን በራሳቸው ላይ ነበር፤ ካሜራው ያንን አሳየ። ይቅርታ ቢጠይቁም በዓመቱ መጨረሻ ኃላፊነቱ ላይ አልነበሩም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ የፓትሪክ ዶይል ታሪክ ነው፤ አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ስለታየበት። በሚያዝያ 2009 ሁለት የዶሚኖስ ፒዛ ሠራተኞች ወጥ ቤት ውስጥ ምግብ ሲያበላሹ ራሳቸውን ቀርጸው ዩቲዩብ ላይ ለቀቁት፤ በጥቂት ቀናት ከሚሊዮን በላይ ሰው አየው። የኩባንያው የአሜሪካ ክፍል ፕሬዚዳንት የነበረው ዶይል እዚያው ዩቲዩብ ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ቃሉ ተገቢ ነበር። ዓይኑ ግን ከሌንሱ ጎን ያለ ነገር ላይ ተተክሎ ነበር፤ ብዙ ተመልካቾችም ያነሡት ይህንኑ ነው። ኦፐንሃይመር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የፈታው ችግር በዚያ የጭንቅ ቀን ተመልሶ መጣ። ዓመቱ ከማለቁ በፊት ኩባንያው ሌላ ዘመቻ ጀመረ። ደንበኞች ፒዛውን ከካርቶን ጋር ሲያነጻጽሩት የሚያሳይ ቀረጻ ራሱ አቀረበ፤ ዶይልም ወጥቶ ትችቱ እውነት መሆኑን ተቀበለ፣ አሠራሩ ከሥር ጀምሮ እንደተለወጠ ገለጸ። በዚህ ጊዜ የሚናገረው ከሥራው ነበርና ፊቱ ፈታ ያለ፣ አነጋገሩም የራሱ ነበር። በ2010 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ነባሮቹ የአሜሪካ መደብሮች ሽያጭ በ14.3 በመቶ አደገ። ዕድገቱን ለአዲሱ ፒዛና ለማስታወቂያው ማካፈል ይገባል፤ ዶይል በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ ሰው የመሰለው ግን የተቀበለውን እውነት ስለተናገረ ነው ባይ ነኝ።

እንዲህ ያለው የመከራ ቀን በ2019 በእኛም ምድር ላይ ደረሰ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157ቱም ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች አለቁ። በዚያው ቀን አየር መንገዱ ያሠራጨው ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ታየ፦ ዋና ሥራ አስፈጻሚው አቶ ተወልደ ገብረማርያም በሙሉ ልብስ በተቆፈረው አፈርና በስብርባሪው መካከል ቆመዋል። ከዚያ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ፤ አብራሪው ችግር እንደገጠመው ገልጾ ለመመለስ ፈቃድ ጠይቆ እንደነበር የተናገሩት ያኔ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት በአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ቀርበው ስለ አብራሪዎቻቸው ብቃትና ስለ አውሮፕላኑ በእንግሊዝኛ መልስ ሰጡ። ስለ አደጋው የሚደረገው ክርክር ረጅም ነበር፤ ይህ ጽሑፍ ያን አያነሣም። ስለ ካሜራ ግን ልንገራችሁ፦ በዚያ ቀን የሰውየውን ንግግር ያሳመረው አሠልጣኝ አልነበረም። የቆሙበት መሬት ነበር። አውሮፕላኑ የወደቀበትን ቦታ በዓይኑ ያየ ሰው የሚናገረውን ከወረቀት አይፈልግም።

አውሮፕላኑን የሠራው የቦይንግ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴኒስ ሚዩለንበርግ በተቃራኒው በጥንቃቄ የተዘጋጀ ቪዲዮ አወጡ። ቪዲዮው የወጣው በሚያዝያ 2019፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት ይፋ በሆነበት ዕለት ነው። በሁለቱ አደጋዎች ለጠፋው ሕይወት ማዘናቸውን ገለጹ፤ ቀደም ሲል ኢንዶኔዥያ ውስጥ በተከሰከሰው ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰዎች አልቀው ነበር። መብራቱ፣ ድምፁ፣ ልብሱ፣ አነጋገሩ ምንም አይወጣለትም። ሆኖም ብዙ ሐዘንተኞች ጋ አልደረሰም። በጥቅምት ወር በአሜሪካ ምክር ቤት ሲጠየቁ የሟቾች ቤተሰቦች ፎቶግራፍ ይዘው ከጀርባቸው ተቀምጠው ነበር። ሚዩለንበርግ ምስክርነታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ቢሾፍቱ ላይ ልጇን ያጣች አንዲት እናት ተጣራች፤ ይቅርታ ስትጠይቅ ዘወር ብለህ ሰዎቹን እያቸው አለች። ዞሩ፣ አዩዋት፣ ይቅርታ ጠየቁ። በሰባት ወር ውስጥ ካወጡት የተቀናበረ መግለጫ ሁሉ ሰው ያስታወሰው ያቺን ቅጽበት ነው። በታኅሣሥ 2019 ከኃላፊነታቸው ተነሡ።

ያቺ እናት የተናገረችው የካሜራ ሥልጠና ሁሉ ዋና ትምህርት ይመስለኛል። ሌንሱን ተመልከት ማለት ከሌንሱ ወዲያ ያለውን ሰው ተመልከት ማለት ነው። የተጎዳው ማን ነው? የሚጠብቀው ማን ነው? የሚናገር ሰው ያንን ሰው በዓይነ ኅሊናው ካመጣው ትንፋሹ ይረጋጋል፣ እጁ የሚገባበትን ያውቃል። ካላመጣው በየደቂቃው የሚያየው የራሱን መልክ ነው።

የራስን መልክ ማየት ምን ያህል እንደሚያደክም የኮሮና ዘመን ለሁሉም አሳየ። የቪዲዮ ስብሰባ መድረኩ የዙም የቀን ተሳታፊዎች ቁጥር በታኅሣሥ 2019 ከነበረበት 10 ሚሊዮን በሚያዝያ 2020 ወደ 300 ሚሊዮን ዘለለ። የስታንፎርዱ ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ ለድካሙ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ሰው ቀኑን ሙሉ የራሱን ፊት ማየቱ ነው። ለቀረጻ የሚቀመጥ መሪም ስክሪኑን ከፊቱ ማስነሣቱ ብቻ ብዙ ጭንቀት ይቀንስለታል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሲጀመር ካሜራው የሚያየው ባለሥልጣንን ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት ሲወረሱ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ስለ ምርት ዕቅድ ሪፖርት የሚያነብ የመንግሥት ሹም ሆነ። ከዚያ የወረስነው አቀራረብ ዛሬም አለ፦ ትልቅ ጠረጴዛ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ በጽሑፍ ቋንቋ የሚነበብ መግለጫ፣ ባለቤት የሌላቸው ግሦች። «ችግሮች ታይተዋል፣ በመፈታት ላይ ይገኛሉ።» ማን አየ? ማን እየፈታ ነው?

አስተዳደጋችንም አለ። ታላቅ ሲናገር ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር ነው ተብለን አድገናል። «እኔ» ማለት ትዕቢት ነው፣ «እኛ» ማለት ትሕትና ነው። ይህ ጨዋነት ነው፤ ሊናቅ አይገባም። የውጭ አሠልጣኝ መጥቶ ዓይንህን አፍጥጥ፣ ጥርስህን አሳይ፣ እጅህን አወናጭፍ ሲል ሰውየው ራሱን ያጣል። ረጋ ብሎ የሚናገር የጉራጌ ነጋዴ ወይም የጎጃም እህል ገዢ ረጋ ብሎ ቢናገር ያምርበታል። ሽማግሌዎቻችን ሰው ሲያስታርቁ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ በመካከሉ ዝም እያሉ ነው ነገር የሚያሲዙት። ያንን ወግ ካሜራ ፊት ይዞ መቅረብ ይቻላል። የሚቀረው ባለቤትነቱ ነው፦ «እኔ ወሰንኩ፣ እኔ ተሳሳትኩ፣ እስከ መስከረም እናስተካክላለን» ብሎ መናገር።

ሲቀረጽ ደግሞ ቀላል ነገሮች ይረዳሉ። ሌንሱ በዓይን ትክክል ይሁን፤ ከላይም ከታችም ሲሆን ሰውን ይለውጠዋል። ዘወር ዘወር የሚል ወንበር ይነሣ። ጽሑፍ አይሸምደድ፤ ሦስት ቃል የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ይበቃል። ከካሜራው አጠገብ የሚያውቁት ሰው ተቀምጦ ይጠይቃቸው፤ ለእሱ ይመልሱለት። ከቢሮው ይልቅ ማሽኑ ያለበት፣ ደንበኛው የሚሰለፍበት ቦታ ይመረጥ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች እንደሚጣሉ ታስቦ ካሜራው ይከፈት።

ካሜራ ፊት መናገርን መማር አሁን ያጣድፋል፤ ገንዘቡ የሕዝብ እየሆነ ነውና። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ በ9,900 ብር ማንም ኢትዮጵያዊ ባለድርሻ መሆን ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። በጠቅላላ ጉባኤ አዳራሽ ተገኝቶ እጁን የማያወጣ፣ ስለ ኩባንያው በስልኩ ስክሪን ብቻ የሚሰማ ባለአክሲዮን እየበዛ ይሄዳል።

ስለዚህ የባንክና የአክሲዮን ማኅበር ቦርድ አባላት ሆይ፣ ለሥራ አስኪያጃችሁ የካሜራ ሥልጠና ስትገዙ አሠልጣኙ ምን እንደሚያስተምር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጥያቄ መሸሽን ከሆነ ገንዘቡን አስቀሩት። ሰውየውን በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ቅር ከተሰኘ ደንበኛ ፊት አስቀምጡት፣ ያዳምጠው፣ ይመልስለት፤ ካሜራውን በሁለተኛው ቀን አምጡት።